ፈረሱ አለ፣ ፈረሰኛው የለም፦ ቪዲዮ ሲጨመቅ ምን እናጣለን?

ጥር 23 እንጅባራ ተገኝቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ቢያንስ በስልኩ አይቶታል፤ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓልን። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው ይህ ማኅበር ፈረስ በዓድዋ የዋለውን ውለታ እያሰበ በዓሉን በየዓመቱ ያከብራል። ያጌጡ ፈረሶች ሜዳውን ሞልተው፣ ግልቢያው ተጀምሮ፣ አቧራው ሲነሳ ዳር የቆመው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያደርጋል፤ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጻል።

እኛም ከቀራጮቹ ነበርን። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአክስቴ ልጅ አጎታችንን ፈረሳቸው ላይ እንዳሉ አራት ደቂቃ ያህል ቀረጸቻቸው። ነጭ ለብሰዋል፣ ፈረሱ በቀይ ጌጥ አሸብርቋል፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ወደ ካሜራው ዞር ብለው ሳቅ ይላሉ። ማታውኑ ዳንግላ ላለነው በቴሌግራም ላከችልን። ስልኳ "ሜሞሪ ሞልቷል" እያለ ሲያስቸግራት በነጋታው ዋናውን ፋይል አጠፋችው። "ቴሌግራም ላይ አለ አይደል እንዴ!" ብላ ነው። አልፈርድባትም፤ ሁላችንም እንደዚያው ነን።

ከዚያ አንዱ ዘመዳችን ከቴሌግራም አውርዶ ሙዚቃ ጨመረበትና ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ሌላዋ ከቲክቶክ ላይ በስክሪን ሪከርድ ወሰደችው። ሦስተኛው ያንን ቆርጦ ስቴተስ አደረገው። የመጀመሪያው ቻት ደግሞ አንድ ቀን ክሊር ተደርጎ ጠፋ። አጎቴ ካረፉ በኋላ፣ ለሙት ዓመታቸው "እስኪ በትልቁ ቴሌቪዥን እንያቸው" ሲባል የተገኘው ያው የመጨረሻው ቁራጭ ብቻ ነበር።

እናቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብላ አየችው። ፈረሱ ይታወቃል። ቀዩ ጌጥ ይታወቃል። ከፈረሰኛው አንገት በላይ ግን ካሬ ካሬ ነገር ብቻ ነው። ዞር ብላ "ልጄ፣ ወንድም ጋሼን የት አስገባችሁት?" አለችኝ።

ፍላሹን ይዤ ዳንግላ ውስጥ ፊልምና ሙዚቃ የሚጭን ልጅ ዘንድ ሄድኩ። ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተው፣ አሳደገው፣ አሳነሰው፣ ራሱን ነቀነቀ። "ወንድሜ፣ የሌለውን ከየት ላምጣልህ? ይኼ'ኮ ተጨምቆ ተጨምቆ ያለቀ ነው" አለኝ።

የዛሬው ጨዋታችን ከዚህ ንግግር ይነሳል። ቪዲዮ "ተጨመቀ" ሲባል ምን ይሆናል? "ይኼኛው አጨማመቅ ከዚያኛው ይሻላል" የሚባለውስ በምን ተለክቶ ነው?

ባይጨመቅ ኖሮስ?

መጀመሪያ ጭመቃን አንስደበው። እሱ ባይኖር ስልካችን ቪዲዮ መያዝ አይችልም ነበር።

ሒሳቡ ቀላል ነው። "1080ፒ" በሚባለው ጥራት ስትቀርጹ አንዱ ምስል 1920 በ1080 ነጥቦች ወይም ፒክስሎች አሉት፤ ሲባዛ ከ2 ሚሊዮን ይበልጣል። ለእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም 3 ባይት ብንመድብ አንድ ምስል ብቻውን 6.2 ሜጋባይት ይሆናል። ቪዲዮ ደግሞ በሰከንድ 30 ምስል ነው። ስለዚህ አንዱ ሰከንድ ወደ 187 ሜጋባይት፣ አንዱ ደቂቃ ከ11 ጊጋባይት በላይ ይሆናል ማለት ነው። 32 ጊጋ ሜሞሪ ካርድ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ጢም ይል ነበር። የአጎቴ አራት ደቂቃ እንኳ አትገባበትም።

ስልኩ ግን ገና እየቀረጸ እያለ ይጨምቃል። ለምሳሌ አፕል ለአይፎን የሚሰጠውን ግምት እንይ። በዚሁ 1080ፒ፣ በሰከንድ 30 ምስል፣ አንድ ደቂቃ በኤች 264 አጨማመቅ 130 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። በአዲሱ በኤች 265 ደግሞ 60 ሜጋባይት ገደማ። 11 ጊጋ የነበረው 130 ሜጋ ሲሆን ከ80 እጥፍ በላይ አነሰ። ያቺው 32 ጊጋ ካርድ በመጀመሪያው አራት ሰዓት ያህል፣ በሁለተኛው ወደ ዘጠኝ ሰዓት የሚጠጋ ትይዛለች።

አስተውሉ፤ ስልኩ ያው፣ ካርዱ ያው፣ ጥር 23ም ያው ነው። የተለወጠው የአጨማመቁ ዘዴ ብቻ ነው። ይህ ዘዴ ኮዴክ ይባላል።

ኮዴክ ምን ይጥላል?

ኮዴክ ሁለት ብልሃት አለው። አንደኛው የተደገመን ነገር ሁለቴ አለመጻፍ ነው። አንድ ሽማግሌ ቤታቸው ግድግዳ ሥር ተቀምጠው በአገውኛ ታሪክ ሲያወሩ ቀረጻችሁ እንበል። ግድግዳው ከሰከንድ ሰከንድ ያው ነው። ኮዴኩ ግድግዳውን አንዴ ይጽፍና በሚቀጥሉት ምስሎች ላይ "እዚህ ጋ እንደ በፊቱ" ብቻ ይላል። እጃቸው ከተንቀሳቀሰ "ይህቺ ቁራጭ ትንሽ ወደ ቀኝ ሄዳለች" ብሎ ይመዘግባል። በጣም ትንሽ ቦታ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ብልሃት ዓይናችን ቶሎ የማያውቀውን መጣል ነው። ዓይን ከቀለም ይልቅ ብርሃንና ጥላን አጥርቶ ያያል። ስለዚህ ኮዴኩ የቀለሙን ዝርዝር ከብርሃኑ ባነሰ ጥራት ያስቀምጣል። ከዚያ ደቃቁን ነገር፣ የጨርቁን ክር፣ የሣሩን ጫፍ፣ የፊትን መስመር፣ ያለው ቦታ በፈቀደለት መጠን እያጠጋጋ ይቆርጣል። ይህ የተቆረጠው ተመልሶ አይመጣም። ዚፕ ተደርጎ እንደሚፈታ ዶክመንት አይደለም።

አሁን ወደ እንጅባራ ሜዳ እንመለስ። በግልቢያ ሰዓት የፈረሱ እግር በአንድ በኩል፣ ጋማው በሌላ በኩል፣ አቧራው ወደ ላይ፣ ሕዝቡ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የቀራጩ እጅም ይንቀጠቀጣል። "እንደ በፊቱ" የሚባል ነገር የለም። ኮዴኩ ሁሉንም እንደ አዲስ መጻፍ አለበት። የተፈቀደለት ቦታ ካነሰ ደግሞ ምርጫ የለውም፣ ዝርዝሩን ይጥላል። በስክሪናችን ላይ ካሬ ካሬ ሆኖ የሚመጣው ያ ነው።

ለዚህ ነው የሽማግሌው ቪዲዮ በ10 ሜጋባይት ጥርት ብሎ፣ የፈረሱ ደግሞ በዚያው 10 ሜጋባይት ተበላሽቶ የሚደርሰው። ዝናብም፣ ነፋስ የሚያርገበግበው የዘንገና ሐይቅ ውኃም ለኮዴክ እንደ ፈረሱ ከባድ ናቸው።

ከ"ሲዲ 1፣ ሲዲ 2" እስከ ዛሬ

ታላላቆቻችሁን ብትጠይቁ በቪሲዲ የሚሸጡትን የአማርኛ ፊልሞች ያስታውሳሉ። ፊልሙ መሀል ላይ ሲደርስ አንዱ ተነስቶ "ሲዲ 2" መክተት ነበረበት። ምክንያቱ ኮዴኩ ነው። ቪሲዲ የሚጠቀመው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወጣውን ኤምፔግ 1 ነው። ምስሉ 352 በ288 ነጥብ ብቻ፣ ማለትም ከ1080ፒ 20 እጥፍ ያነሰ ሆኖ እንኳ አንድ ዲስክ የሚይዘው 80 ደቂቃ ያህል ነበር።

ቀጥሎ የዲቪዲና የዲሽ ዘመን መጣ፤ ኤምፔግ 2። እ.ኤ.አ. በ2003 ኤች 264 ወጣ። ኤምፔግ 4 ከሚባለው ቤተሰብ ነው። ቤታችሁ የቆየ ሪሲቨር ካለ፣ አንዳንድ ኤችዲ ቻናል ላይ ድምፅ ብቻ ሰምታችሁ ምስል ያጣችሁት ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ሪሲቨሩ አሮጌውን ኮዴክ እንጂ አዲሱን መፍታት አያውቅም።

እ.ኤ.አ. በ2013 ኤች 265 እና የጉግል ቪፒ9 መጡ። በ2018 ኤቪ1 ወጣ። እሱን የሠራው ጉግል፣ ኔትፍሊክስ፣ አማዞን፣ ሞዚላ፣ ማይክሮሶፍትና ሌሎችም በ2015 የመሠረቱት ኅብረት ነው። በ2020 ደግሞ ኤች 266 ተከተለ።

አዲሱ ለምን ይሻላል? አንዱን ምክንያት ልንገራችሁ። ኮዴክ ምስሉን በካሬ እየከፈለ ነው የሚሠራው። የኤች 264 ትልቁ ካሬ 16 በ16 ነጥብ ነው። የኤች 265 እስከ 64 በ64 ይደርሳል። የኤቪ1 እና የኤች 266 ደግሞ እስከ 128 በ128። ከእንጅባራ ሜዳ በላይ ያለው ጥርት ያለ ሰማይ ለአሮጌው ብዙ ትናንሽ ካሬ ነው፤ ለአዲሱ ጥቂት ትልልቅ ካሬ። ፈረሱ ጋ ሲደርስ ደግሞ አዲሱ ካሬውን እያሳነሰ ይከፋፍላል። "ይህቺ ቁራጭ ከየት መጣች?" ብሎ የሚፈልግባቸው መንገዶችም በዝተዋል። ዋጋውም እዚያው ላይ ነው፤ መንገድ በበዛ ቁጥር ፍለጋው ረጅም ነው።

ውድድሩ እንዴት ይዳኛል?

ፈረስ ለፈረስ ሲወዳደር ከአንድ መስመር ይነሳል። አንዱ 20 ሜትር ቀድሞ ቆሞ "አሸነፍኩ" ቢል ማንም አይሰማውም። በኮዴክ ዓለም ግን ይህ ስህተት በየቀኑ ይሠራል። "ይኼ አፕ 100 ሜጋውን 20 ሜጋ አደረገልኝ፣ ይበልጣል!" ይባላል። ጥራቱስ? ጥራት ከወደቀ ማንኛውም ኮዴክ ማሳነስ ይችላል። ትክክለኛው ጥያቄ "ጥራቱ እኩል ሆኖ የትኛው አነሰ?" ወይም "መጠኑ እኩል ሆኖ የትኛው ጠራ?" የሚለው ነው።

ባለሙያዎቹ ሁለት ዓይነት ዳኛ አላቸው። የመጀመሪያው የሰው ዓይን ነው። ተመልካቾች የትኛው ኮዴክ እንደሆነ ሳይነገራቸው ያያሉ፣ ነጥብ ይሰጣሉ። ኤች 265ን ያወጣው ቡድን በዚህ መንገድ ከኤች 264 ጋር አወዳድሮት ነበር። በተመልካች ዓይን እኩል ጥራት ለማምጣት ኤች 265 በአማካይ 59 በመቶ ያነሰ ዳታ በቃው። ዝርዝሩ ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። በትንሹ ምስል፣ በ480ፒ፣ ቁጠባው 52 በመቶ ነው። በ720ፒ 56፣ በ1080ፒ 62፣ በ4ኬ 64 በመቶ። ማለትም "በግማሽ ይቀንሳል" የሚባለው ቁጥር ለሁሉም ቪዲዮ እኩል አይሠራም። ምስሉ ባነሰ ቁጥር የአዲሱ ብልጫም ይቀንሳል። ዳታ ለመቆጠብ ብለን ዩቲዩብን ዝቅ አድርገን የምናይ ሰዎች ይህን ልብ ማለት አለብን።

ሁለተኛው ዳኛ ኮምፒውተር ነው። ሰው ሰብስቦ ማስፈተን ጊዜም ገንዘብም ይፈልጋልና። ፒኤስኤንአር የሚባለው የድሮ መለኪያ የተጨመቀውን ከዋናው ጋር ነጥብ በነጥብ እያስተያየ ስህተቱን ይቆጥራል። ፈጣን ነው፣ ግን የሰው ዓይን እንዴት እንደሚያይ አያውቅም፤ ሣሩ ላይ ያለ ስህተትና ፊት ላይ ያለ ስህተት ለእሱ አንድ ናቸው። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2016 ለሁሉም ክፍት ያደረገው ቪማፍ ደግሞ የብዙ ተመልካቾችን ፍርድ አጥንቶ ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጣል።

ቪማፍ ለስልክ የተለየ ስሌት አለው። ለምን መሰላችሁ? በትንሽ ስክሪን ላይ ጉድለቱ ስለማይታይ ያው ቪዲዮ በስልክ ከፍ ያለ፣ በቴሌቪዥን ዝቅ ያለ ነጥብ ያገኛል። የእኛ ቤት ታሪክም ይኸው ነው። ያንን ቁራጭ በስልካችን ስናየው ማንም ምንም አላለም። የጎደለው የታየን ቴሌቪዥኑ ላይ ነው።

አንድ ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2018 ኤቪ1ን ፈትኖ ውጤቱን አሳውቆ ነበር። ኤቪ1 ከቪፒ9 በ34 በመቶ የተሻለ ጨመቀ። ከኤች 264 ጋር ሲወዳደር ግን ሁለት ቁጥር ነው የወጣው፤ 46.2 እና 50.3 በመቶ። ለምን ሁለት? ኤች 264 ራሱ በሁለት ዓይነት አሠራር ስለተፈተነ ነው። በተሻለው አሠራር ሲሠራ ልዩነቱ ጠበበ።

ይህ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ነው። የኮዴክ ደንብ የሚወስነው የተጨመቀው ቪዲዮ እንዴት እንደሚፈታ ነው፤ እንዴት እንደሚጨመቅ ግን ለሠሪው ትቶታል። አንድ ዓይነት ጤፍ ለሁለት ሴቶች ብትሰጡ የሁለቱ እንጀራ አንድ አይሆንም አይደል? ሁለት ስልኮችም "ኤች 264" ብለው በአንድ መጠን የተለያየ ጥራት ያወጣሉ። ስልክ እየቀረጸ በዚያው ቅጽበት መጨረስ ስላለበት ይቸኩላል። ኮምፒውተር ላይ ያለ ጥሩ ፕሮግራም ግን ሰዓት ወስዶ ያንኑ ጥራት ባነሰ መጠን ሊያወጣው ይችላል።

ድካሙን ማን ይከፍላል?

እንግዲህ ኤቪ1 ወይም ኤች 266 የሚሻል ከሆነ ሁሉም ለምን አይጠቀምበትም?

አንደኛው ምክንያት ጊዜ ነው። ኤቪ1 በወጣበት ሰሞን አንድ ቪዲዮ ለመጨመቅ ከኤች 264 በብዙ እጥፍ ይዘገይ ነበር፤ ዛሬ ፈጣን ፕሮግራሞች ቢመጡም አሁንም ከባድ ነው። ዩቲዩብ ግን ይህን ድካም ችሎ ያተርፋል። ሚሊዮን ሰው የሚያየውን ቪዲዮ አንዴ ደክሞ ቢጨምቀው ሚሊዮን ጊዜ ዳታ ይቆጥባል። እናንተ ለሦስት ዘመድ የምትልኩትን የሠርግ ቪዲዮ ስልካችሁ እስኪግል ብትጨምቁት ግን የምታተርፉት ትንሽ ነው።

ሁለተኛው የተቀባዩ ስልክ ነው። አዲስ ኮዴክ በቀላሉ የሚፈታው ለዚያ የተሠራ ቺፕ ሲኖር ነው። ለምሳሌ አፕል ለኤቪ1 የሚሆን መፍቻ በስልኩ ቺፕ ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2023 በአይፎን 15 ፕሮ ነው። ቺፑ የሌለው ስልክ ወይ አይከፍተውም፣ ወይ በፕሮሰሰሩ እየታገለ ባትሪ ይጨርሳል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እንጅባራ ላይ በአዲስ ስልክ በኤች 265 የተቀረጸ ቪዲዮ ገጠር ያሉ አያት ስልክ ላይ ድምፅ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። ኤች 265 ላይ የፈጠራ ባለመብቶች በተለያየ ቡድን ሆነው ክፍያ ይጠይቃሉ። እነ ጉግል ያለ ክፍያ የሚሠራውን ኤቪ1 እንዲፈጥሩ ያነሳሳቸውም በዋናነት ይኸው ነው።

ስለዚህ "ምርጡ ኮዴክ የቱ ነው?" ለሚለው አንድ መልስ የለም። ምን እንደተቀረጸ፣ በምን ስክሪን እንደሚታይ፣ ማን እንደሚጨምቀውና ማን እንደሚከፍተው ሳይታወቅ የሚሰጥ መልስ ግማሽ ነው።

ታዲያ የአጎቴ ፊት የት ገባ?

አሁን እንቁጠር። ስልኩ ሲቀርጽ አንድ ጊዜ ተጨመቀ። ቴሌግራም ሲላክ ሁለት። ሙዚቃ ተጨምሮበት ከኤዲቲንግ አፑ ሲወጣ ሦስት። ቲክቶክ ሲለቀቅ አራት። በስክሪን ሪከርድ ሲወሰድ አምስት። ተቆርጦ ስቴተስ ሲሆን ስድስት።

እያንዳንዱ ጨማቂ ከፊቱ የነበረውን እንደ ዋና ቆጥሮ "የማይታየውን" ይጥላል። ሁለተኛው ግን የመጀመሪያው የፈጠረውን ካሬ እንደ እውነተኛ ምስል ነው የሚያየው፤ እሱን ለመጠበቅ ቦታ ያባክናል፣ የቀረውን የፊት መስመር ደግሞ ይቆርጣል። ስድስቱም በዓለም ምርጡን ኮዴክ ቢጠቀሙ እንኳ ጉዳቱ ይቀንሳል እንጂ አይቀርም። እኛ ቤት የተፈጠረው ችግር የአሮጌ ኮዴክ ችግር አልነበረም። ዋናውን ማጥፋታችን ነው።

ያ ፊልም ጫኝ ልጅ አንድ ነገር ሞክሮልኛል። "በኤአይ ላጥራው እስኪ" ብሎ አንድ ፕሮግራም ከፈተ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጥርት ያለ ፊት ወጣ። ዓይን አለው፣ ጺም አለው፣ ፈገግታ አለው። ግን አጎቴ አይደሉም። ፕሮግራሙ ካያቸው ብዙ ሺህ ፊቶች ተነስቶ "እዚህ ቦታ ላይ እንዲህ ያለ ፊት ሊኖር ይችላል" ብሎ የሞላው ነው። ለእናቴ አላሳየኋትም።

የሚገርመው፣ በጣም ተቸግረን በነበረበት ጊዜ የተለዋወጥናቸው ቪዲዮዎች ዛሬም ጥርት ያሉ ናቸው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ የሚያልፈው በሜሞሪ ካርድ፣ በብሉቱዝና በዜንደር ነበር። እነዚህ ፋይሉን እንዳለ ይገለብጣሉ፣ አይጨምቁም። አሥር ሰው ጋ ቢደርስም አሥረኛው ያለው የመጀመሪያው ራሱ ነው።

እስኪ ራሳችሁ ዳኙ

ይህን ሁሉ በቃል ከምታምኑኝ ሞክሩት። ሦስት ቪዲዮ ቅረጹ፣ እያንዳንዱ 20 ሰከንድ፣ በአንድ ስልክ። አንዱ የሚሮጥ ፈረስ ወይም ኳስ ጨዋታ ይሁን። ሁለተኛው ተቀምጦ የሚያወራ ሰው። ሦስተኛው ዝናብ ወይም የሚንቀሳቀስ ውኃ።

ኮምፒውተር ካላችሁ ሃንድብሬክ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ተጠቅማችሁ እያንዳንዱን በኤች 264 እና በኤች 265 ጨምቁት፤ ሁለቱም ላይ በሰከንድ 2 ሜጋቢት አድርጉት። 20 ሰከንዱ ሁሉም ጋ 5 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ ማለትም ከአንድ መስመር ተነሱ። የተጨመቀውን እንደገና አትጨምቁት፣ ሁልጊዜ ከዋናው ጀምሩ። ስማቸውን ደብቃችሁ ለጓደኞቻችሁ አሳዩ፣ መጀመሪያ በስልክ፣ ቀጥሎ በቴሌቪዥን። ማን እንዳሸነፈ ብቻ ሳይሆን በየትኛው ቪዲዮ ላይ ልዩነቱ እንደሰፋ ጻፉ። ለመጨመቅ የፈጀውን ደቂቃም መዝግቡ። የተቀመጠው ሰውዬ ላይ ብዙ ልዩነት ላታዩ ትችላላችሁ። ፈረሱ ላይ ግን ትከራከራላችሁ።

ኮምፒውተር ለሌላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ የሚደረጉ ጥቂት ነገሮች አሉ።

ቴሌግራም ላይ ውድ የሆነ ቪዲዮ ስትልኩ እንደ "ፋይል" ላኩት። እስከ 2 ጊጋባይት ድረስ ሳይነካ ያልፋል። ዳታው ይበዛል፣ እውነት ነው፤ ስለዚህ ለሁሉም ሳይሆን ለሚቀመጠው ብቻ አድርጉት። የቀረውን ለማየት ያህል ጨምቃችሁ ላኩ።

ከሰው የደረሳችሁን ቪዲዮ ፎርዋርድ ማድረግ አይጎዳውም፣ ፋይሉ ያው ነው። አውርዶ እንደገና እንደ ቪዲዮ መጫንና ስክሪን ሪከርድ ማድረግ ነው የሚጎዳው።

ጉግል ፎቶስ ላይ የምታስቀምጡ ከሆነ "ኦሪጅናል ኳሊቲ" የሚለውን መምረጣችሁን አረጋግጡ። ቦታ ቆጣቢው ምርጫ ይጨምቃል።

ስልካችሁ በኤች 265 መቅረጽ የሚችል ከሆነ የሜሞሪያችሁን ግማሽ ያተርፍላችኋል። የድሮ ቪዲዮዎቻችሁን ሁሉ ወደ ኤች 265 ልቀይር ብላችሁ ዋናውን ማጥፋት ግን ሌላ ነገር ነው፤ የጠፋውን አይመልስም፣ ተጨማሪ ይቆርጣል።

የአክስቴ ልጅ አሁን ጥር 23 ስትሄድ ቦርሳዋ ውስጥ አንድ ሜሞሪ ካርድ ትይዛለች። ማታ ከሜዳው ስትመለስ፣ ለማንም ሳትልክ በፊት፣ የቀረጸችውን እዚያ ላይ ትገለብጥና ካርዱን ለእናቴ ትሰጣታለች። እናቴ ስለ ኮዴክ አታውቅም። ካርዱን ግን ከአጎቴ ፎቶ ጋር በአንድ ሳጥን ውስጥ ነው የምታስቀምጠው።